በሰው ግንብ የቀኑት አያ ውበቱ

እናቴ ስልክ ስትደውል ሁልጊዜ የምትጀምረው ከዱቄት ነው። ዱቄት መጣ፣ ዱቄት ጠፋ፣ የመጣው ዱቄት አይነሳም። ባለፈው ሰሞን ግን ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ከርሞ እንደ ተስተካከለ ደወለችና፣ ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ «ሐያት፣ የቢቸናው ግንበኛ አረፉ» አለችኝ።

የትኛው ግንበኛ ብዬ አልጠየቅሁም። ቢቸና ብዙ ግንበኛ አለ። በእኛ ቤት ግን «የቢቸናው» ከተባለ አያ ውበቱ ናቸው።

«መቼ?» አልኋት።

«ተቀብረዋል እኮ። እኔም የሰማሁት ዛሬ ነው። እህል ጭኖ የመጣ ሹፌር ነገረኝ።»

«አያ ይግዛውስ ሰሙ?»

«ሰይድን ልኬ አስነገርኋቸው። ምን አሉ አትይም? ‹በዚህም ቀደመኝ?› አሉ አለ።»

የዶርም አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ ቀደመው። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጠፋኝ። ሁለት ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጭስ ማውጫ ሲቀናኑ ኖሩ ብላት ማን ያምነኛል? ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ሞጣ ውስጥ ዳቦ ቤት አለን። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምታሠራው እናቴ ናት። ምድጃው በእንጨት የሚነድ ስለሆነ፣ ከጀርባው ግቢ ውስጥ ከመሬት ተነስቶ ከቆርቆሮው በላይ የሚዘልቅ የጡብ ጭስ ማውጫ አለው። እሱን ያቆሙት አያ ይግዛው ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ። የሰፈራችን ሰው ቦታ ሲያመላክት «ከይግዛው ጭስ ማውጫ ወረድ ብሎ» ነው የሚለው። ባጃጅ ነጂ እንኳን የእናቴን ስም ሳያውቅ የአያ ይግዛውን ስም ያውቃል።

አያ ይግዛውና አያ ውበቱ ሁለቱም የቢቸና ልጆች ናቸው። ግንበኝነት የተማሩት ከአንድ ሰው ነው። አባቴ ዳቦ ቤቱን ሊከፍት ሲያስብ ሁለቱንም ከቢቸና አስጠራቸውና፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን አጭር አጭር ግድግዳ አሠራቸው። ሁለቱንም ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ ሥራውን ለአያ ይግዛው ሰጠ። አያ ውበቱ የቀረበላቸውን ምሳ ሳይነኩ ወደ ቢቸና ተመለሱ። አያ ይግዛው ሞጣ ቀሩ፤ ሚስት አገቡ፣ ቤት ሠሩ፣ ስም አወጡ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። አያ ውበቱ ራሳቸው ሲያወሩት ግን አጭር ነበር፤ «አባትሽ ደግ ሰው ነበር። ዓይኑ ግን ትንሽ ይደክም ነበር።»

እኔ እሳቸውን ያወቅኋቸው ጭስ ማውጫው ሲያረጅ ነው። በጡቦቹ መካከል ያለው ኖራ በዝናብና በጭስ ተበልቶ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ጣት የሚያስገባ ሆነ። ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በየቀዳዳው እየሾለከ ዳቦ ቤቱን ይሞላው ጀመር። ጋጋሪያችን ሰይድ ሌሊቱን ሲያስል ያድር ነበር። እናቴ በመጀመሪያ የሄደችው አያ ይግዛው ዘንድ ነው። እግራቸውን ታመው ነበርና «ትንሽ ታገሺኝ ዘይነብ፣ እግሬ ሲሻለው እኔው እወጣለሁ» አሏት። ታገሰች። እግራቸው አልተሻለም፤ ጭሱም አልታገሰም። በኋላ አንድ ደንበኛችን «ቢቸና ውበቱ አለላችሁ አይደል?» አላት።

ስልኩን ስትደውል የሰማሁት የእሷን ድምፅ ብቻ ነው። «አዎ... አዎ፣ እሱ ራሱ ነው... አዎ፣ አያ ይግዛው የሠሩት... ኧረ አላጣድፍዎም፣ ሲመችዎ...» ስልኩ ተዘጋባት። በማግስቱ መስኮቱን ከፍቼ ዳቦ ልሸጥ ስል አንድ ረዥም፣ ቀጭን ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል። በብብታቸው የያዙት በጨርቅ የተጠቀለለ የግንበኛ ማንኪያ ነው። ደህና አደርሽም አላሉኝ። አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው «ይሄ ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ትልቅ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠባያቸውን ማጥናት ያዝሁ፤ እንደ እሳቸው ያለ ሰው አይቼ አላውቅማ። በሞጣ መንገድ ሲሄዱ ሰው አያዩም፣ ግድግዳ ነው የሚያዩት። «ይህን ማን ሠራው?» ይላሉ። ስሙን ስትነግሯቸው «ያስታውቃል» ይላሉ። በፊታቸው ሌላ ግንበኛ ከተመሰገነ፣ ትንሿን ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከትተው ነገሩ እስኪያልፍ ያሽከረክሯታል። እሳቸው ራሳቸው የሰው ሥራ ያመሰገኑበት ትልቁ ቃል «ክፉ አይደለም» ነው፤ እሱንም በዓመት አንዴ ቢያወጡት ነው። ሚስታቸው እናቴን በስልክ ሲያዋሯት «እባክሽ ቻይው። ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ጥላዬ ቀደመኝ ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው» ብለዋት፣ እናቴ ይህን ለሰይድ ነግራው፣ ሰይድ ደግሞ ለመላው ሰፈር ነግሮት ነበር።

ሰይድ መቼም አይተዋቸውም። ርብራቡ ላይ ወጥተው ሲሠሩ ከታች ሆኖ ይጮኻል።

«አያ ውበቱ! አያ ይግዛው ይህን ሲሠሩ እያፏጩ ነበር ይባላል!»

«ለዚህ ነዋ ንፋስ የገባው!»

በዚያ በመጀመሪያው ጊዜ መገጣጠሚያውን የሞሉት በሲሚንቶ ነው። ወፍራም፣ ያለ ስስት፣ ከጡቡ ፊት ወጣ እስኪል ድረስ። እናቴ ከታች ሆና አየችና ቀስ ብላ «አያ ውበቱ፣ ሲሚንቶ አይበዛበትም ወይ? አያ ይግዛው እኮ ኖራ ነበር የሚያደርጉበት» አለቻቸው። ጣታቸው ወደ ጆሯቸው ሄደች።

«ኖራ የድሮ ነው ዘይነብ። ይህ እኔ የማደርገው፣ ጡቡ ቢሰበር እንኳን እሱ አይሰበርም።»

ሲጨርሱ ጭስ ማውጫው ከአስፋልቱ ማዶ ይታይ ነበር፤ ቀዩ ጡብ በግራጫ መስመር ተሸንሽኖ አዲስ ጥለት የለበሰ መሰለ። አያ ውበቱ መንገዱን ተሻግረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አላፊ አግዳሚው የሚለውን ለመስማት ቆሙ። የመጀመሪያው ሰው «እሰይ፣ የይግዛው ጭስ ማውጫ ታደሰ!» ብሎ አለፈ።

«ታደሰ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «በራሱ ነው የታደሰ? ሰው የለውም?»

ዳቦ ቋጥረንላቸው ሄዱ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። መስከረም ላይ ግቢው ውስጥ ቀይ ዱቄት መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ዝም አልነው። ከዚያ ፍርፋሪ ሆነ፤ ከዚያ የብስኩት ስብርባሪ የሚያካክል ቁራጭ። የጡቡ ፊት እየተላጠ ነበር። ሲሚንቶው ግን ንቅንቅ አላለም። ጡቡ ወደ ውስጥ ሲጎደጉድ እሱ እንደ አጥንት አግጦ ወጣ። አያ ውበቱ ያሉት ደረሰ ማለት ነው፤ ጡቡ ተሰበረ፣ ሲሚንቶው አልተሰበረም።

እናቴ ደወለችላቸው። ሲመጡ ሰይድ እንኳን ቀልድ አልወጣውም። አያ ውበቱ ብዙ ዞሩት። ከዚያ «ጡቡ ነው መጥፎ» አሉ።

እናቴ ታጋሽ ናት፤ ስትቆጣ ግን ድምፅዋን ትቀንሳለች። «አያ ውበቱ፣ ጡቡ እርስዎ እስኪነኩት ድረስ ደህና ነበር።»

«ይግዛው የገዛው ጡብ...»

«እኔ አሁን የማን ጡብ ነው አልልም። በያጆቹን ልጠራ ነው። አፍርሰው የብረት ቱቦ ያቁሙልኝ። ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ምድጃ ነው።»

አያ ውበቱ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም፤ ፈርተው ነው። «ቱቦ አታቁሚ» አሉ። «እባክሽ ዘይነብ። ቱቦ ከቆመ እኮ አለቀልኝ። የይግዛውን ግንብ ውበቱ ገደለው ይባላል። ቢቸናም ይሰማል። ልጆቼም ይሰማሉ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር። ካልሆነልኝ አፍራሹም እኔው ነኝ።»

እናቴ ጭስ ማውጫውን ቀና ብላ አየችውና «ምድጃውን አጠፋለሁ። ግን ብዙ አልቆይልዎትም» አለች። ዳቦ ቤት እሳቱ ከጠፋ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ የሄደ ደንበኛ ደግሞ መመለሱን እንጃ። እሷም የቻለችውን ያህል ጊዜ ሰጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። አያ ውበቱ ከጭስ ማውጫው ጀርባ፣ ከታች፣ እሳቸው ያልነኩት ቦታ ሄዱ። እዚያ የአያ ይግዛው አሮጌ ኖራ ገና ነበር። በጥፍራቸው ጫሩትና የረገፈውን ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡት። ጥርሳቸው ላይ አሸዋው ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር።

«አያ ውበቱ» አለ ሰይድ፣ ከዚህ በላይ መታገስ አቅቶት፣ «ዳቦ እኮ አለ።»

«ዝም በል አንተ። አሸዋው የወንዝ ነው... የተወቀጠ ጡብ አለበት... ኖራው የከረመ ነው፤ አያቃጥልም።» ሌላ ቆነጠሩ። በጣቶቻቸው መሐል ሲያሹት ዱቄት ሆነ። በደስታ «ደካማ ነው!» አሉ። ደስታው ግን ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ደካማ ነው» አሉ እንደገና፣ አሁን ለራሳቸው። «አውቆ ነው ደካማ ያደረገው።»

እኔ ስላልገባኝ ጠየቅኋቸው። ያስረዱኝ እየተናደዱ ነው። ጡብ እሳት ሲነድበት ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። መሐሉ ያለው ለስላሳ ከሆነ ከእሱ ጋር ይተነፍሳል፤ ዝናብ የገባበትም በእሱ በኩል ይወጣል። መሐሉ ከጡቡ ከጠነከረ ግን ጡቡ መሄጃ ያጣና ራሱን ይሰብራል። «ማለቅ ያለበት መሐሉ ነው፤ መሐሉ ሲያልቅ ይሞላል። ጡቡ ካለቀ ግን ግንቡ አለቀ።»

«ይህን ያን ጊዜ አያውቁትም ነበር?» አልኋቸው። እውነት ለመናገር፣ ለማሳጣት ብዬ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

«እንዴት አላውቅም? መምህራችን ሁለታችንንም ነው ያስተማረን።» የእንጨት ጉማጅ ላይ ቁጭ አሉ። «ግን ይግዛው ኖራ አደረገ። ኖራ ካደረግሁ የእሱ ሆኖ ይቀራል አልሁ።»

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህን ነገር ሳስበው ይገባኛል። አስተማሪያችን የአንዲት ጓደኛችንን ጽሑፍ ለክፍሉ ሁሉ አንብቦ ነበር፤ ጥሩ ጽሑፍ ነበር። በሚቀጥለው ሥራዬ ላይ እሷ ያደረገችውን ሁሉ ላለማድረግ ስል ቀላሉን ነገር አጣምሜ ጻፍሁት፤ ውጤቱም እንደ ልፋቴ አልሆነም። ወረቀቱን ስቀበል ትዝ ያለኝ ያ የተላጠ ጡብ ነው።

ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ፈልፍለው ለማውጣት ብዙ ደከሙ። የለየለት ድንጋይ ሆኖ ነበር። እየፈለፈሉ ራሳቸውን ይሳደባሉ፤ መሐል መሐል ላይ ግን «እንዴት አድርጌ ነው ያጠነከርሁት ጃል!» ብለው ይኮራሉ። የተላጡትን ጡቦች አንድ በአንድ አውጥተው ፊታቸውን ወደ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ወደ ውጭ ገለበጧቸው። ሁሉም ተዘጋጀ። የቀረው ኖራው ብቻ ነው።

ትኩስ ኖራ ገበያ ላይ አለ። የከረመ ኖራ ግን በውሃ ርሶ በርዶ፣ ጉድጓድ ውስጥ አፈር ለብሶ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ መሆን አለበት። ቢቸና ማንም የለውም። እናቴ ይህን ስትሰማ «አያ ይግዛው ግቢያቸው ውስጥ የቀበሩት አለ» አለች።

አያ ውበቱ መሯቸውን አስቀመጡ። «ለምን ቀበረው?»

«ለዚሁ ነው የሚሉት። አንድ ቀን መሙላቱ አይቀርም ብለው።»

«እንግዲያስ ይቅር።»

«በያጆቹ ነገ ይመጣሉ እንግዲያስ» አለች እናቴ፣ እዚያው ላይ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አያ ይግዛው ቤት ሄድን፤ እናቴ ከፊት፣ እኔ ባልዲ ይዤ መሐል፣ አያ ውበቱ ከኋላ። በየመንገዱ አጥር እየነኩ ስለሚቆሙ እናቴ ደጋግማ ትጠብቃቸው ነበር።

አያ ይግዛው በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው፣ የታመመ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። አጭርና ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩን።

«ውበቱ ነህ?»

«ነኝ።»

«አርጅተሃል።»

«አንተን አላህልም።»

«ቁጭ በል።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ይህን አጥር ማን ሠራልህ?»

«የጎረቤት ልጆች።»

«ያስታውቃል።»

እናቴ ነገሩ እንዳይበላሽ ፈጥና ገባች። «አያ ይግዛው፣ የመጣነው ያንን ኖራ...»

«አንቺ ተይ ዘይነብ። አፍ አለው።»

 አያ ውበቱ ሰማዩን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። እኔ ከእኛ ቤት እዚህ ድረስ የመጣነው ለዚህች ለአንዲት ቃል መሆኑ ገባኝና ባልዲዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። እምቢ ብለው ቢመለሱ በማግስቱ ቱቦ ይቆማል።

«ኖራ ስጠኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ለምን ሊሆንህ?»

«ለግንብ።»

«ለማን ግንብ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጊዮርጊስን...»

«ለማን ግንብ ነው ያልሁህ?»

«ለግንብህ!» አሉ። ቃሏ ስትወጣ ጥርስ የተነቀለባቸው ይመስሉ ነበር።

አያ ይግዛው ፈገግ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም። የአያ ውበቱን እግር ነው ያዩት።

«ርብራቡ እስከ የት ነው?»

«እስከ አናቱ።»

«አንተው ነህ የምትወጣ?»

«ሌላ ማን ሊወጣ?»

«ጉልበትህን አያምህም?»

«ያመኛል። ግን ይወጣል።»

አያ ይግዛው በርጩማው ላይ የተሰቀለ እግራቸውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ አቧራ ያለበት ይመስል። «ለእኔ ነበር ያስቀመጥሁት» አሉ። «እኔ ወጥቼ ልሞላው።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የሚቀናው አንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። አያ ውበቱም እንደ እኔ መስሏቸው ኖሯል። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲበራ አየሁት። በሰው እግር ሕመም እንዲያ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም፤ አዝኜባቸው ነበር፤ ግን ደስታው የልጅ ደስታ ስለሆነ መቀየም አቃተኝ።

«እስከ አናቱ ነው የምወጣ» አሉ። «እንደ ፍየል። ጠዋትም፣ ከሰዓትም።»

«ሰማሁህ እኮ! ቆፍር።»

አካፋ ወሰዱና ቆፈሩ። ከአፈሩ ሥር ያለው ኖራ እንደ አይብ ነጭ፣ እርጥብና ለስላሳ ነበር። አያ ውበቱ በማንኪያቸው ጫፍ ቆርጠው አነሱት፤ ሲያዘነብሉት እየተንሸራተተ ወረደ። አሸተቱት። ከዚያ ጀርባቸውን ለአያ ይግዛው እንደ ሰጡ «ክፉ አይደለም» አሉ።

አያ ይግዛው ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያሉት። የቃሏን ዋጋ ከእኔ በፊት የሚያውቁ እሳቸው ናቸው።

ሥራው በማግስቱ ተጀመረ። አያ ውበቱ መገጣጠሚያውን በብሩሽ ጠረጉ፣ በውሃ አራሱ፣ ኖራውን ከአሸዋና ከተወቀጠ ጡብ ጋር አዋሕደው ጥቂት የምድጃ ጥላሸት ጣል አደረጉበት፤ ቀለሙ ካረጀው ጋር እንዲመሳሰል ነው። በቀጭን ብረት እየጠቀጠቁ በየንብርብሩ ሞሉት። እርጥብ ጆንያ አለበሱት። ፀሐይ ስትከር ርብራቡ ላይ ወጥተው ውሃ ያርከፈክፉበታል። ያ ሁሉ ሲሆን አንድም ቀን አልፎከሩም፤ እናቴ ታመው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ።

ጆንያው የተነሳ ዕለት ነገሩ ገባኝ። ጭስ ማውጫው ምንም ያልተነካ ይመስላል። የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ፣ ሲሞሉ ቆሞ ላላየ ሰው መለየት አይቻልም። አያ ውበቱ እንደ ድሮው መንገዱን ተሻግረው ቆሙ። ሰው ያልፋል፣ ሰው ይመጣል፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። «ይሄ ሥራ» አሉኝ፣ «በደንብ ከተሠራ አይታይም ማለት ነው።» የተዘረፈ ሰው አነጋገር ነበር።

እሳቱን ከማንደዳችን በፊት አያ ይግዛው በባጃጅ መጡ። እናቴ ናት ያስመጣቻቸው፤ ሳያዩት አላነድም ብላ። ሰይድ በአንድ ክንዳቸው፣ እኔ በአንድ ክንዳቸው ይዘን ጭስ ማውጫው ሥር አቆምናቸው። አያ ውበቱ ጥግ ይዘው፣ ግድ የሌላቸው መስለው፣ ንጹሑን ማንኪያቸውን በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር።

አያ ይግዛው መዳፋቸውን ጡቡ ላይ አሳርፈው እንደ ከብት ገዢ ደባበሱት። በጥፍራቸው አንዱን መገጣጠሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት፣ ሌላውንም ተከተሉት። ደረታቸው ትይዩ ያለችው አንዲት መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሄደባት።

«ይህችን ማንም አልነካትም» አሉ ለእናቴ። «አየሽ ዘይነብ? ዝናቡም አልደፈራት። እጄ እንዲህ ነበረች።»

ሰይድና እኔ ተያየን። ያቺን መስመር የሞሏት አያ ውበቱ ናቸው። ከጆንያው ሥር ሦስት ጊዜ አፍርሰው እንደገና ሲሞሏት ሁለታችንም ቆመን አይተናል።

አያ ውበቱን አየኋቸው። ማንኪያውን መወልወል አቁመዋል። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ምስጋና መጥቶ፣ በዓይናቸው ፊት፣ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲገባ እያዩ ነው። ዝም ቢሉ የይግዛው ሆኖ ይቀራል። ቢናገሩ ደግሞ ይግዛው ይመልሰዋል። ከንፈራቸው ተነቃነቀ። ሊተዉት ነው ብዬ አሰብሁ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይተዉታል።

«የእኔ ናት!» ብለው ጮኹ።

«የቷ?»

«ያቺ! ጣትህ ያለባት! እኔ ነኝ የሞላኋት! ሐያት ትመስክር፣ ሰይድ ይመስክር!»

«እውነት ነው አያ ይግዛው» አልሁ። «እሳቸው ናቸው።»

አያ ይግዛው ጣታቸውን አነሱ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጎንበስ ብለው፣ መስመሯን ከጎን አዩዋት። በጣም ቆዩ።

«እህ» አሉ። «ለዚህ ነው ለካ ትንሽ የጠመመችው።»

ሰይድ የያዘው የዳቦ ሳህን ከእጁ ወደቀ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ውስጥ ሮጠች። አያ ውበቱ ገመድና ቱንቢ አምጥተው ከአያ ይግዛው ጋር እስኪመሽ ተጨቃጨቁ፤ አንዱ ቀጥ ያለች ናት ይላል፣ አንዱ ገመዱ ራሱ ነው የጠመመው ይላል። ምድጃው ሲነድ ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን እንኳን ልብ ያለው አልነበረም።

በማግስቱ አያ ውበቱን ወደ መናኸሪያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። የቢቸናው መኪና ገና አልሞላም ነበር። መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፤ እኔ ከታች ቆምሁ።

«ሐያት።»

«አቤት አያ ውበቱ።»

«ይግዛው ጣቱን ሲያሳርፍባት መጀመሪያ ምን አለ?»

«‹ይህችን ማንም አልነካትም› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«‹እጄ እንዲህ ነበረች› አሉ።»

«ድገሚው እስቲ።»

ደገምሁት።

«ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብዬ ደገምሁት። ራሳቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። እኔ ደግሞ ያየሁትን ሳላጓድል መናገር ይገባኛል ብዬ፣ «ኋላ ግን ጠማማ ናት አሉ» አልኋቸው።

«እ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሞተሩ ይጮኻል፣ አልሰማሁሽም።»

ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር።